አንድ አልቃሽ ይበቃኛል

እኛ አገር ሰው ሲታመም ከበሽታው ይልቅ ጠያቂው ያደክመዋል። ሐሰት ነው በሉኝ። ሙዙን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል፣ አልጋችሁ ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በዚያው በእናንተው በሽታ የሞተውን የአጎቱን ልጅ ታሪክ ከሥር ከመሠረቱ ያወራችኋል። ሲጨርስ «አይዞሽ» ብሎ ይወጣል። በምኑ ልጽናና? በሙዙ?

እናም እኔ ዘነበች፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ጉልት ተቀምጬ ድንችና ሽንኩርት የምሸጠው ሴትዮ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ አለ የተባልኩ ቀን ለታናሽ ወንድሜ ለተሾመ ብቻ ነገርኩት። ከእሱ ሌላ የሥጋ ዘመድ የለኝም። እሱ ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ እርሙን አወጣብኝ! ሲመጣ የሟች ፎቶግራፍ እንደሚያይ ሰው ትክ ብሎ ያየኛል። ስለ ቲማቲም መወደድ ሳወራው ስልኩን አውጥቶ ድምፄን ይቀዳል። ለማስታወሻ መሆኑ ነው። ታዲያ ሰፈሩን ሁሉ ልጨምርበት? አንድ አልቃሽ ይበቃኛል ብዬ አፌን ያዝኩ።

ሆስፒታል ስገባም ለጎረቤት «የካ አባዶ ወንድሜ ጋ ሰንበት ብዬ እመጣለሁ» አልኩ። ራሴን ላጩኝ፣ ከፈቱት፣ ዕጢውን ለቀሙት። ትንሽ ቁራጭ ግን የማይነካ ቦታ ላይ ተቀምጣ ቀረች። «እናቴ፣ ቀስ ብላ የምታድግ ዓይነት ናት፤ መድኃኒትዎን እየወሰዱ፣ በየጊዜው እየታዩ ረጅም ዕድሜ ሊኖሩ ይችላሉ» አለኝ ሐኪሙ። እኔ ረጅም ዕድሜ የምትለዋን ሰማሁ። ተሾመ «ቀረች» የምትለዋን ሰማ።

ወዲያው ጉልቱን ተዪ፣ ቤቱን ልቀቂ፣ እኔ ጋ ገብተሽ አረፍ በይ ሆነ ነገሩ። የእሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። እዚያ ላይ ተሰቅዬ ታች የሚመላለስ ሚኒባስ ሳይ ልዋል? ደንበኞቼስ ከማን ጋር ይጨቃጨቁ? እምቢ አልኩ። ግን የሰው እምቢታ የሚሰማው ሰውዬው በሕይወት አለ ተብሎ ሲታሰብ ነው መሰለኝ፣ ቅዳሜ ፒካፕ ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሸክፊ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ዓርብ ዕለት ጉልቴ ላይ እንዳለሁ የእንጦጦ ነፋስ ወርዶ ሻሼን ገፎት ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ የተላጨ ራሴን አዩ። ስፌቱ ከኋላ ነው፣ እሳቸው ያዩት ከፊት ነው። ደረታቸውን ይዘው ሳይጠይቁኝ ወደ ቤታቸው ገቡ። እስቲ አስቡት፤ በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ ራሷን የምትላጨው ለሐዘን ነው። ወንድሜ ጋ ከርሜ ተላጭቼ ከመጣሁ የሞተው ማን ሊሆን ነው? ምስኪን፣ ሰው ላለማስቸገር ሐዘኗን ደበቀች ተባለ። ዕድራችን ደግሞ ደግነቱ አንዴ ከተነሣ ጥያቄ አያውቅም።

ቅዳሜ ስፌቴን አስፈትቼ ስመለስ በሬ ላይ ድንኳን ተጥሏል። እትዬ በላይነሽ ተንደርድረው አንገቴ ላይ ተጠመጠሙና «ተሾመን! ያን የመሰለ ወንድምሽን!» አሉኝ። እኔ ደግሞ መርዶ እያረዱኝ መሰለኝ። ለዕጢው ያላፈሰስኩት እንባ ሁሉ ባንዴ ዱብ አለ፤ ወንድሜን እያልኩ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የእኔ ለቅሶ ለእነሱ ማረጋገጫ፣ የእነሱ ለእኔ፤ እርስ በርስ እየተመሰካከርን ተሾመን ገደልነው።

ይሄኔ ፒካፑ መጣ። ተሾመ ወርዶ ድንኳኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ፤ የሞትኩት እኔ መስሎት ነበር። ለቀስተኛው ደግሞ እሱን ሲያይ ያማተበው አማተበ፣ የሸሸው ሸሸ። የሚለቀሰው ለእሱ መሆኑ ሲገባው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተናደደ። እትዬ በላይነሽ እንደሆነ ማቆም አልሆነላቸውም፤ ክንዱን እየዳሰሱ «እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነበር» ይላሉ።

«አለሁ እኮ፣ እትዬ!» አለ ላብ አጥምቆት። «ይኸው ቆሜ! ቁርሴን በልቼ ነው የመጣሁት! ምን ያስለቅስዎታል?»

እኔ ቀሚሴን አራግፌ ተነሣሁ።

«ተሾመ» አልኩት፤ «እኔስ ስንት ጊዜ ይህንኑ አልኩህ?»

እሱም ከዕድሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፎቶግራፍ እንደሚታየው ሳይሆን ሰው እንደሚታየው። ለጎረቤቶቼም እዚያው ሁሉን ነገርኳቸው። ንፍሮው ተቀቅሎ ነበርና ተበላ፤ ሙት በሌለበት ንፍሮ እንዴት እንደሚጥም አትጠይቁኝ። ፒካፑም ባዶውን እንዳይመለስ የዕድሩን ድንኳንና ወንበር ጭኖ አደረሰ። የእኔ አልጋ ካለበት ንቅንቅ አላለም።

የቀረችዋን ቁራጭ በየጊዜው ለሐኪም አሳያታለሁ። እስካሁን ባለችበት ናት። ልደግ ያለች ቀን ደግሞ ያን ቀን እንነጋገራለን፤ ከአሁኑ ስብሰባ አልጠራባትም። ተሾመ ማታ ማታ ይደውላል። ድሮ «አመመሽ?» ነበር። አሁን «ሽንኩርት ስንት ገባ?» ይለኛል። ዋጋውን እነግረዋለሁ። ይሄማ ዘረፋ ነው፣ አንቺ ሴትዮ እግዜርን አትፈሪም ብሎ ይጮህብኛል።

እንዴት ደስ እንደሚለኝ!