ካምቢዮው ሽማግሌ የላከ ዕለት

ሌሊቱን ሕልም ሲያንከራትተኝ አደረ። ጥፋቱ የልጄ የትንግርት መኪና ነው፤ ሌላ ማንንም አልወቅስም።

ትንግርት ጋራዥ ተቀጥራ የምትሠራ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደሴ ግቢያችን ውስጥ ቱቦ እየበየደች አንዲት ዝቅ ያለች የእሽቅድምድም መኪና ሠራች። መሪ አላት፣ ፍሬን አላት፣ ሞተሯ ከሁለቱ ወንበሮች ኋላ ተቀምጧል። የቀራት ማርሽ የሚቀያይረው ካምቢዮ ብቻ ነበር። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ የፈጠራ ሥራ ይታያል ስለተባለ፣ ራሷ እየነዳች ሐረጎን ልትወርድ ቆርጣለች። ሐረጎን ለማያውቅ ልንገረው፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው መንገድ ነው፣ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። እዚያ ላይ ማርሹ ከወለቀ ፍሬን ብቻውን እንደማይችለው የነገረችኝ እሷው ናት።

አርብ ማታ ከሚኒባስ የወጣ አንድ ካምቢዮና ከአሮጌ ቮልስ የወጣ ሌላ ካምቢዮ ጎን ለጎን አስተኝታ ታያቸው ነበር።

«የሚያዘግመውን ምረጪ» አልኳት።

«እማዬ፣ ካምቢዮ በጠባዩ አይመረጥም» ብላኝ ሥራዋን ቀጠለች። ጭንቁን ይዤ ተኛሁ።

በሕልሜ መለዋወጫ ተራ ነበርኩ። ሱቁ ውስጥ ዕቃ የለም። መደርደሪያው ላይ የተደረደርነው ሰዎች ነን፤ እየዞሩ የሚመርጡን ካምቢዮዎቹ ናቸው። አንድ ዘይት የጠገበ ወፍራም ካምቢዮ ጉልበቴን ይዞ ወደ ላይ ወደ ታች አደረገው።

«ይቺ ትንቋቋለች» አለው ለባለ ሱቁ። ባለ ሱቁ በግ ነበር።

«ውስጧ ደህና ነው» አለ በጉ። «አንድ ልጅ ብቻ ነው የነዳት።»

«ትጮሃለች?»

«ቁልቁለት ላይ ብቻ።»

አልወሰደኝም። ከመደርደሪያው ወርጄ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ደጃፌ ላይ ሦስት ሽማግሌ ካምቢዮዎች ነጭ ለብሰው ቆመዋል። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«የመጣንበትን ሳይሰሙ አንቀመጥም» አለ ትልቁ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ትንግርትን?»

«መኪናዋን።»

በእኛ ወግ ዘር የምትጠይቀው የልጅቷ እናት ናት። እነሱ ግን የእኔን ዘር ጽፈው ይዘው መጥተዋል።

«የእርስዎን ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል» አለ ሁለተኛው ወረቀቱን ዘርግቶ። «በሰባቱም ውስጥ ፈሪ አለ። ሆኖም ትተነዋል። የእኛ ዘር እስከ ሰባት ቤት ሐረጎን የወረደ ነው።»

«ስንቱ ተመለሰ?» አልኩ።

ሁለተኛው ወረቀቱን አጠፈ። «ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» አለ ሦስተኛው።

ከኋላቸው አንድ ትንሽ የቮልስ ካምቢዮ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሙሽራው እሱ ነበር።

«ቁልቁለት ላይ ይይዛታል?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ይወዳታል።»

«እኔ የጠየቅኩት መያዙን ነው።»

«እሱ ከሠርጉ በኋላ የሚታይ ነው።»

ላስብበት ብዬ ቀጠሮ ልሰጣቸው ስል፣ ቀጠሮ ሰጪዎቹ እነሱ ሆኑ። እስከ ሦስት ቆጥረን እንመለሳለን ብለው ወጡ።

ወዲያው ቤቴ ቢሮ ሆነ። እኔ ከመስኮቱ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ ጸሐፊዎቹና ኃላፊዎቹ ማኅተማቸውን ታቅፈው ውጭ ተሰልፈዋል። «እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል፤ እባክዎ ያስተናግዱን» ይሉኛል። ከሰልፉ ፊት እኛን ጎልማሶቹን ማንበብና መጻፍ የሚያስተምሩን መምህር አስናቀው ነበሩ። አውራ ጣታቸውን ቀለም ውስጥ ነክረዋል።

«መጻፍ ጠፋብኝ» አሉኝ። «እርስዎ ይጻፉልኝ።»

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ልጅቷ ትውረድ ወይስ አትውረድ ይላል። መልሱ ልቤ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቃል ነው። እስክሪብቶውን ሳነሳ ግን የጻፍኩት ፊደል ሁሉ ከወረቀቱ እየወረደ በመስኮቱ ወጣና ከሰልፉ ኋላ ቆመ። ደግሜ ጻፍኩ፤ እሱም ሄደ።

«ሰልፉን እያበዙት ነው» አሉ መምህር አስናቀው በትሕትና።

«ሦስት» አለ አንድ ድምፅ።

ሐረጎ አናት ላይ ነበርን። መኪናዋ ቆማለች፤ የሚሮጠው ተራራው ነው። ኩርባው እየመጣ በጎማዎቿ ሥር ያልፋል፤ ገደሉ ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሏል። ትንግርት የስድስት ዓመት ልጅ ሆና መሪውን ጨብጣለች። እግሯ ፍሬኑ ጋ አይደርስም። ትንሹ ካምቢዮ ከሥሯ ያለቅሳል።

«ሲጠይቁ ሰምቻለሁ» አለኝ። «አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። ማንንም ይዤ አላውቅም።»

«አሁን ያዝ» አልኩት። «አንድ ኩርባ ብቻ ያዝ፣ ከዚያ እኔ አለሁ።»

«እርስዎን ማን ይይዛል?» አለኝ። ተራራው ወደ እኛ ጎበጠ፤ ልጄን ልይዝ እጄን ስሰድድ እጄ ሳይደርስ ያልቅብኛል።

በሞተር ድምፅ ነቃሁ። ነግቷል። በባዶ እግሬ ወደ ግቢ ወጣሁ። ትንግርት እስከ ክርኗ ዘይት ሆና ከመኪናዋ ስትወርድ አገኘኋት። የመኪናዋ የኋላ ግማሽ አጥራችንን ጥሶ ጎረቤት ገብቷል።

«የቮልሱን ገጠምኩት» አለችኝ። «አሪፍ ነው። አይወልቅም፣ አይንቋቋም።»

«አጥሩስ?»

«ቮልስ ላይ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎቹም ኋላ ነው። እኔ ወደ ፊት ስላመጣሁት ካምቢዮውን አዙሬ ገጠምኩት። እሱ ሲዞር ሁሉም ነገር ተገላበጠ።»

«በሚገባኝ ንገሪኝ።»

«ወደ ኋላ አራት ማርሽ አላት፤ ወደ ፊት አንድ።»

ቀረልን አልኩ በልቤ። «እንግዲህ ፈትተሽ እስክታስተካክይው ለሌላ ጊዜ ይሁን» አልኳት።

«መፍታቱ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ የኮምቦልቻው ትርዒት ዛሬ አራት ሰዓት ላይ ነው። እወርዳለሁ።»

«በዚያ በአንዱ የፊት ማርሽ ውረጂያ፣ ቀስ ብለሽ።»

«በሱ እስክደርስ የትርዒቱን ድንኳን ይነቅሉታል። በኋላ ማርሽ ነው የምወርደው።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የቀኙን ወንበር ፈትታ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙራ አስራዋለች፤ የሳሎናችንንም ትራስ ደልድላበታለች።

«እኔ መሪ ይዤ ኋላዬን በደንብ አላይም» አለች። «አንቺ እያየሽ ትነግሪኛለሽ። ቀኝ ስትይ ወደ ቀኝ፣ ግራ ስትይ ወደ ግራ።»

ብቻዋን ከምትወርድ ብዬ ገባሁ። ቀበቶውን አጥብቃ አሰረችልኝና ዞራ ከጎኔ ተቀመጠች፤ እሷ ወደ ፊት ታያለች፣ እኔ ወደ ኋላ።

«ትንግርት፣ ቀኝ የምልሽ በአንቺ ቀኝ ነው በእኔ?»

«ቆይ፣ እሱን አላሰብኩበትም» አለች፣ ሁለተኛውን የኋላ ማርሽ እያስገባች።