ያልማለው ሻጭ

እኛ ዘንድ ሰውን ማስረጃ መጠየቅ ነውር ነው። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ደመወዙ እስኪሰለቸው እንጠይቀዋለን፤ «መታወቂያህን አሳየኝ» ማለት ግን እናቱን እንደ መስደብ ነው። «ማርያምን!» ካለማ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው ከራሷ ከእመቤታችን ጋር የተጣላ ይመስለዋል። ይህችን ጠባያችንን ከኛ ይበልጥ አጥንቶ የያዛት ደግሞ ሌባው ነው። እስቲ ስሙኝ፣ ተናድጃለሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ዳምጤ እዚህ አሜሪካ፣ ደብሊን በምትባል ከተማ አካባቢ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ይሠራሉ። አባታቸው እሳቸውን ለማስተማር ሲሉ ምንሽር ጠመንጃቸውን ሸጠዋል። «እሷን ባላገኝ እህቷን ገዝቼ ሳሎኔ ሳልሰቅል አልሞትም» ይላሉ ጋሼ። ስንት ኦቨርታይም ሠርተው አጠራቀሙ፤ ምስማሩንም ቀድመው ግድግዳው ላይ መቱ።

አንድ ቀን እህቷ ኢንተርኔት ላይ ተገኘች። ሻጩ እዚሁ ቅርብ፣ ፒከሪንግተን በምትባል ከተማ የሚኖር ነጭ ሽማግሌ ነው። ሲደውሉለት ምን ቢል ጥሩ ነው? «መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ጠመንጃ መሸጫ ሱቅ እንገናኝ። የተሰረቀች አለመሆኗን እነሱ ያጣሩ፣ አንተንም ያጣሩ፤ በእጅህ ይዘህ አይተህ ስትወዳት ትከፍላለህ።» ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት።

«በዚህ ዕድሜዬ ወንበዴ መሰልኩት እንዴ?» ብለው አኮረፉ።

ብዙም ሳይቆይ የአበሻ ሻጭና ገዢ ግሩፕ ላይ ዮናስ የሚባል ብቅ አለ። ቴክሳስ ነኝ ይላል። ያችኑ የመሰለች ምንሽር፣ በግማሽ ዋጋ! ሲደውሉለት «ጋሼ» አላቸው። ጋሼ ያለ ልጅ እንዴት ይዋሻል?

«ኧረ ጋሼ» አልኳቸው፣ «ስምዎን ወረቀት ላይ ጽፎ ከጠመንጃዋ ጋር ፎቶ ያንሳልዎት። ደግሞም ጠመንጃ ከሌላ ስቴት በፖስታ እቤትዎ ድረስ አይመጣም፤ ፈቃድ ባለው ሱቅ በኩል ነው የሚመጣው።»

«እመቤቴን ብሎ ምሎልኝ ፎቶ አንሳ ልበለው? አንተን ይህ አገር አበላሽቶሃል» ብለው ገሠጹኝ።

ገንዘቡን ላኩ። «ጋሼ፣ የኢንሹራንስ ትንሽ ይቀራል» አለ። እሱንም ላኩ። ከዚያ ብሎክ አደረጋቸው።

ቆይ እኔ የምለው! ሌባ ይሰርቃል፤ እንጀራው ነው። ግን የሰው ላብ ለመብላት «ጋሼ» ማለትን ምን አመጣው? ማርያምስ ምን አድርጋው ነው እዚህ ውስጥ የሚጨምራት? አንተ የማትረባ፣ መስረቅህ ካልቀረ ምናለ በእንግሊዝኛ ብትሰርቅ! «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» የሚለውን እናውቀዋለን፤ ይኼኛው ግን ፈረስም የለው፣ የፈረስ ፎቶ ነው የጋለብነው። ፖሊስ ጣቢያ «የአባቱ ስም ማን ነው?» ሲሏቸው ጋሼ ዳምጤ አቀረቀሩ። ከሰው ጋር ሲተዋወቁ «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ የማያልፉ ሰው፣ ያን ቀን አልጠየቁትም ነበር።

አንጀቴ አላስችል ብሎኝ ለፒከሪንግተኑ ሽማግሌ ደወልኩ። ገንዘቡን ተበድረንም ቢሆን እንሰጠዋለን ብዬ ነበር።

«ሸጥኳት» አለኝ። «መታወቂያውን ላሳየኝ ሰው።»

ስነግራቸው ጋሼ ባዶዋን ምስማር ብቻ ያዩ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ የሣር ማጨጃቸውን ልዋስ ሄድኩ።

«መንጃ ፈቃድህን አምጣ» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ! ይህን ሁሉ ዘመን ጎረቤት ሆነን? ማርያምን፣ ማታ እመልሳለሁ!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አሁን ገና ጠረጠርኩህ» አሉ።

ምን አደርጋለሁ? ከሥራ ባጄ ጋር አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን መንጃ ፈቃድ ከነገመዱ አውልቄ ሰጠኋቸው። ወደ ሳሎን ይዘውት ገቡና በጥንቃቄ ምስማሯ ላይ ሰቀሉት።