ያልፈረምኩበት ቁርስ

በአዲስ አበባ ውስጥ የራሱን ሆድ ትቶ የሰው ሆድ የሚቆጣጠር ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አለ ከተባለም ገና ሰው ያልገባበት ሰፈር ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሳያንኳኳ ይገባል፤ ከሰላምታ በፊት ሳህን ያያል፤ ከዚያ እንደ ዳኛ ጉሮሮውን ጠርጎ ፍርዱን ያሰማል። ላፍቶ ውስጥ ይህ ሥልጣን በሰማንያዎቹ መጨረሻ የተያዘው በክቡር አቶ መኩሪያ ነበር። ማን እንደሾማቸው ሰፈሩ አያውቅም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ግን ሹመቱ የተሰጠበትን ቀን አይረሱትም፤ ከጎናቸው ተቀምጠው ነበርና።

ቦታው ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነው። ጊዜው የፋሲካ ሳምንት። ሐኪሟ በዕድሜ ልጃቸው ልትሆን የምትችል ወጣት ናት፤ ወረቀቱን አየች፣ የአቶ መኩሪያን ቦርጭ አየች፣ ወደ ወረቀቱ ተመለሰች።

«ስኳርዎ ድንበሩ ላይ ቆሟል» አለች። «ክብደትዎን ከቀነሱ ይመለሳል፤ ካልቀነሱ ግን ይገባል። በተለይ ቁርስዎን ይጠንቀቁ። ለእርስዎ ከሦስት መቶ እስከ አራት መቶ ካሎሪ ይበቃል። ከሐምሌ ገብርኤል በኋላ ይምጡና እናያለን።»

«ካሎሪ ማለት?»

«ከምግብ የምናገኘው ጉልበት የሚለካበት ነው። አንድ እንቁላል ሰባ፣ ሰማንያ ቢሆን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ግን ለብቻው መቶ ያልፋል።»

አቶ መኩሪያ ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ከእጃቸው አንዲት ምስማር ያለ ፊርማ ወጥታ አታውቅም። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚቆጥሩት አጥተው ዓይናቸው ደብዝዞ ነበር። አሁን ግን ምግብም ገቢና ወጪ እንዳለው ሲሰሙ ፊታቸው እንደ መስከረም ሜዳ በራ። ሰው ስለ በሽታው ተነግሮት እንዲህ ሲያብብ ማየት ያስገርማል!

ወይዘሮ ብርነሽ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰሙት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ ስኳር። ታላቅ ወንድማቸውን የወሰደው እሱ ነው። መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን፣ በመጨረሻ እሱኑ። ታክሲ ውስጥ ባለቤታቸው በጣታቸው ሲያሰሉ እሳቸው በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያዩ ነበር።

ጊዜው ራሱ ክፉ ነበር። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሮብና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ሁዳዴን በሽሮና በምስር የገፋ ሰፈር ሁሉ በየማለዳው ቅቤ ያነጥራል፤ ጠረኑ ከአጥር አጥር እየተሻገረ ይጠራራል። በማግስቱ የነአቶ መኩሪያ ገበታም ላይ የቀረበው ጨጨብሳ ነው። ባልና ሚስት እንደ ወጉ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት። ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ደግሞ ድርሻውን በምን ይቆጥራል? አቶ መኩሪያ የማንኪያውን እጀታ ገልብጠው ጨጨብሳውን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቁት።

«ከዚህ ወዲህ የእኔ ክልል ነው። ከዚያ ወዲያ ያንቺ።»

«ድንበሩ ላይ የተኛው ቅቤስ?»

«እሱ የፌዴራል ነው» አሉና በማንኪያ ጠረጉት።

ወይዘሮ ብርነሽ ሳይወዱ ሳቁ። እጃቸውም እንደ ልማዱ ተዘረጋ። ከተጋቡ ጀምሮ ቁርስ በዚህ ቤት የሚከፈተው በእሳቸው ጉርሻ ነው። አቶ መኩሪያ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ይኼስ? ይኼ አይቆጠርም?»

«ብርኔ፣ ሕግ እኮ ሕግ ነው። ወጪ የሚባለው በገዛ እጄ አውጥቼ የፈረምኩበት ነው። ያልፈረምኩበት አይቆጠርም!»

የወይዘሮ ብርነሽ ሳቅ ከፊታቸው ላይ ጠፋ። እጃቸውን ተመለከቱት። ይህ እጅ፣ ወንድማቸውን የገነዘ እጅ፣ አሁን ባላቸውን ሊቀብር ነው። በዚያች ማለዳ እጃቸውን ሰበሰቡ። እስከ ሐምሌ ገብርኤል ድረስ ለዚህ ሰው ላያጎርሱ በልባቸው ማሉ፤ ለባለቤታቸው ግን ምንም አልነገሩም።

አቶ መኩሪያ በነጋታው ለጉርሻቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። እጅ አልመጣም። ትንሽ ቆዩ፣ አፋቸውን ገጠሙ፣ ኮታቸውን ደርበው ወጡ። የሰፈሩ ቁጥጥር የተጀመረው ያን ቀን ነው።

መጀመሪያ የተጎበኙት አቶ በንቲ ናቸው። አቶ በንቲ ላፍቶ እርሻ ሳለ ጀምሮ እዚያው የነበሩ፣ ዙሪያቸውን ቤት ሲበቅልባቸውም ላሞቻቸውን ያልተዉ ሰው ናቸው።

«በንቲ! ይኼ ሰባት መቶ ነው!»

«ምኑ?»

«ቁርስህ!»

«ቁርሴማ አንድ ነው። ሰባት መቶውን ማን በላው?»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሴና እንግዳ ቆሞ ሲናገር አያስችላቸውም። አንድ አጎረሱ። አንድ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛ ተጨመረ። ሁለት አይበቃም ተብሎ ሦስተኛ። አቶ መኩሪያ በሞላ ጉንጫቸው «ያልፈረምኩበት አይቆጠርም» እያሉ ተሰናበቱ።

ቀጥሎ አስፋልቱ ዳር ያለው የሰዒድ ፉል ቤት ነው። እዚያ ደግሞ የማያውቁት ደንበኛ ትከሻ ላይ ያንዣብባሉ።

«ሁለት ዳቦ? የኔ ወንድም፣ እስከ ምሳ ድረስ ያለውን ጨርሰሃል! ያ ዘይት ብቻውን ይበቃህ ነበር።»

«ጋሽ መኩሪያ» ይላል ሰዒድ ከምድጃው ጀርባ፣ «ሰው እየሸሸብኝ እኮ ነው!»

«የሚሸሽህ ክብደት ነው እንጂ ሰው አይደለም!»

ሰዒድ ብልህ ነው። አንድ ጥግ ዳቦ ቆርሶ ፉል ውስጥ ነክሮ አፋቸውን ይደፍነዋል። ሲውጡ ሌላ። ደንበኛው በሰላም በልቶ እስኪሄድ ድረስ ክቡር ተቆጣጣሪው መናገሪያ የላቸውም። ይህን ጉርሻ ጉርሻ ከማለት ቡሽ ማለት ይቀላል።

ግንቦት ሲጋመስ ቤታቸው የሚበሉት ቁርስ በትክክል አራት መቶ ነበር፤ ሱሪያቸው ግን አልቆለፍ አለ።

«ቁጥሩ ልክ ነው» አሉ አቶ መኩሪያ። «ጨርቁ ነው ታጥቦ የገባው።»

ወይዘሮ ብርነሽ ቁልፉን ወደ ዳር አዛውረው ሰፉ። ሲሰፉ ዓይናቸው በዕንባ እየተጋረደ ክሩ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ አልገባ አላቸው። ባለቤታቸው በየደጁ እንደሚጎርሱ ሰፈሩ ሁሉ ያወራልና ነጠላቸውን ተከናንበው በቀጥታ ወደ ወይዘሮ ሴና ቤት ሄዱ።

«በእመቤቴ ይዣችኋለሁ፣ ባሌን አታጉርሱብኝ።»

ሴና ደነገጡ። «ገበታ ዘርግቼ፣ ሰው ደጄ ቆሞ፣ ሳላጎርስ? ወይዘሮ ብርነሽ፣ ሌላ ነገር እዘዙኝ። እሱ ነውር ነው፤ አላደርገውም።»

ወይዘሮ ብርነሽ የወንድማቸውን ነገር አነሱ። እግሩን፣ የመጨረሻውን ክረምት። ሴና አጎነበሱ። አቶ በንቲ ጥግ ላይ ከዘራቸውን ሲያሽከረክሩ ቆዩና ቀስ ብለው ሳቁ።

«ገበታ ዘርግቶ አለማጉረስ ነውር ነው። ገበታው ባይዘረጋስ?»

ሴራው እንዲህ ተወለደ፤ ሰዒድም ተጨመረበት። በማግስቱ አቶ መኩሪያ ሲደርሱ የነበንቲ ትሪ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«በንቲስ?» አሉ።

«ዛሬ ቁርሱን ይዞ ለቡ ሜዳ ሄደ፣ ከከብቶቹ ጋ» አሉ ሴና።

ቁጥጥር ያልተደረገበት ቁርስ ለአቶ መኩሪያ ሌሊት ክፍት ያደረ ግምጃ ቤት ማለት ነው። በእግራቸው ለቡ ወረዱ። አቶ በንቲን ሜዳው ላይ አፋቸውን ሲጠርጉ አገኟቸው።

«ምን በላህ? ስንት ማንኪያ? ቅቤ ነበረበት?»

አቶ በንቲ አንድ በአንድ ተናዘዙ። «አምስት መቶ» ተፈረደባቸው። «ሰዒድ ግን ዛሬ ዘይቱን አበዛ ሲሉ ሰማሁ» አሉ በንቲ፣ ሰማይ ሰማዩን እያዩ። አቶ መኩሪያ ወደ ሰዒድ ገሰገሱ። ሰዒድ ድስቱን ገልብጦ እየፈገፈገ ነው። «አለቀ ጋሽዬ! የተረፈውን ብስራተ ገብርኤል ለሚሠሩ ልጆች ላክሁት።» ጉድ ነው! አቶ መኩሪያ ወደ ብስራተ ገብርኤል አቀኑ። ሰኔ ገብቶ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ሲደርስም ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ሁልጊዜ ከቁርሱ አንድ እርምጃ ወደኋላ ቀርተው፣ ያንን ሁሉ አገር በእግር ያስሱ ጀመር። ሰው ሁሉ ተናዘዘላቸው፤ ያጎረሳቸው ግን አንድም አልተገኘም።

የሐዋርያት ጾም ሲገባ በነአቶ መኩሪያ ቤት ማለዳ ምንም የማይበላ ሆነ፤ የማይጾመው ጎረቤት ግን ከመቆጠር አልዳነም። አቶ መኩሪያ ግን ሰኔ ሊያልቅ ሲል አላስቀምጥ አላቸው።

«ብርኔ፣ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው! ያልተጠቀምንበት ቁርስ ተከማችቷል። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልበላነው ተመላሽ ይሆናል።»

«ለማን ነው የሚመለሰው?»

«ለማዕከላዊ ግምጃ ቤት።»

«እንግዲያው እነሱ ይብሉት» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

በዚያ ሰሞን አቶ መኩሪያ ጉንፋን ይዟቸው ከቤት ዋሉ። ያን ቀን የሆነውን ሳስበው አሁንም ይደንቀኛል። ሰዒድ ቤት የገባው ደንበኛ ዳቦውን ይዞ በሩን በሩን ያያል። አንዱ «ይኼ ስንት ይሆናል?» አለ፤ የሚመልስለት ጠፋ። ረፋዱ ላይ አቶ በንቲ ራሳቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው የነአቶ መኩሪያ በር ላይ ቆሙ።

«ምን ሆንክ ወዳጄ? ዛሬ ሳይቆጠርልኝ በላሁ። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።»

ወይዘሮ ብርነሽ ወደ ጓዳ ገብተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ። ሲመለሱ መርፌና ክር ይዘው ነበር። የሱሪውን ቁልፍ ወደ ቀድሞ ቦታው መለሱት። እንደገና ሲያዩት አሁንም ሰፋ፤ ትንሽ አሳለፉት።

ሐምሌ ገብርኤል አለፈና የቀጠሮው ማለዳ ደረሰ። አቶ መኩሪያ ደም በባዶ ሆድ ስለሚወሰድ ቁርስ ሳይበሉ ሄዱ። ሰው ሐኪም ቤት ብቻውን አይላክምና በንቲ መጡ፣ ሴና መጡ፣ ሰዒድም ፉል ቤቱን ዘግቶ መጣ። ጠባቡ ኮሪደር ሞላ። ሐኪሟ በሩን ከፍታ ደነገጠች።

«የታመመው የትኛው ነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ መኩሪያ፣ እንደ ተሿሚ ተነሥተው።

ሚዛኑ ላይ ወጡ። ቀስቱ ተወዛወዘች፣ አመነታች፣ ቆመች። ወይዘሮ ብርነሽ ማየት ፈርተው ዓይናቸውን የሐኪሟ ፊት ላይ ተከሉ። የደሙ ውጤት መጣ። ሐኪሟ ወረቀቱን አነበበች፤ ደግማ አነበበች።

«ዘጠኝ ኪሎ ቀንሰዋል! ስኳሩም ከድንበሩ ተመልሷል። መድኃኒት አያስፈልግዎትም። ምን አደረጉ?»

«ቆጠርኩ!»

«እንቅስቃሴስ ያደርጋሉ? የእግር ጉዞ?»

«የለም። ለሥራ ካልሆነ በቀር በእግሬ አልሄድም።»

ሰዒድ ሳል ያዘው። አቶ በንቲ የክሊኒኩን ጣሪያ በጥሞና መመርመር ጀመሩ። ወይዘሮ ብርነሽ በዓይናቸው ሁለቱንም ገሠጿቸው፤ ድሉ የእሱ ነው፣ ማንም እንዳይነካው። አቶ መኩሪያ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «አራት መቶ!» እያሉ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሴና እልልታውን አቀለጡት። ነርሷ «እባካችሁ፣ በሽተኛ አለ» እያለች ራሷ ሳቀች።

ግቢው ውስጥ ዝናቡ ለአፍታ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ምሳ ዕቃውን ከፈቱ፤ ቅቤ የሌለው ፍርፍር። አቶ መኩሪያ ማንኪያውን ገልብጠው ክልላቸውን ሊያሰምሩ ሲያጎነብሱ የሚስታቸውን እጅ አዩት። ከፋሲካ ወዲህ ያልተዘረጋው እጅ ተዘርግቷል።

ማንኪያውን አስቀመጡት።

«ለቡ ድረስ ስፈልገው የከረምኩት ይኼንን ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ የግምጃ ቤት ኃላፊነታቸው ትዝ ብሏቸው ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ስንት ይሆናል፣ ብርኔ?»

«አፍህን ክፈት» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «በዚህኛው እኔ ፈርሜበታለሁ።»