የጋሽ ደበሌ ሕፃናት

የወረዳ ከተማ ደራሲ ሁሉ ጡረታ እንደወጣ ሕፃን መጣል ይጀምራል። በወረቀት ላይ ማለት ነው።

ወልቂጤ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት ዓለምዘውድ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የቀድሞው የታሪክ መምህር፣ ክቡር ደራሲ ጋሽ ደበሌ፣ በየሐሙሱ በእጃቸው የጻፉትን የጥንት የፍቅር ታሪክ ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ትተይባለች። እስካሁን አሥራ ዘጠኝ ታሪክ ተይባለች፤ አሥራ ዘጠኝ ሕፃን ተጥሏል።

ሁሉም የሚጣለው እንሰት ሥር ነው። ሁሉም በሐር ይጠቀለላል፣ አንገቱ ላይ የወርቅ መስቀል አለ። የጋሽ ደበሌ ሕፃን አያለቅስም፣ አይርበውም፣ ሐሩንም አያረጥብም፤ አንድ ደጃዝማች በበቅሎ ሲያልፉ እስኪያነሱት ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰርጉ ሊደገስ ሲል፣ እናቱ ድንገት ከተፍ ትልና መስቀሉን አይታ ተዝለፍልፋ ትወድቃለች። ጋሽ ደበሌም መነጽራቸውን አውልቀው "እዚህ ጋ ታሪክ ራሱ ያለቅሳል!" ይላሉ። የሚያለቅሱት ግን እሳቸው ብቻ ናቸው።

አንዴማ ሕፃኑን በመስቀል ዋዜማ ጣሉት።

"ጋሼ፣ በመስቀል? በጉራጌ አገር?" አለች ዓለምዘውድ።

"ምን አለበት?"

"አገር ምድሩ ለመስቀል ገብቶ፣ ጓሮው ሰው በሰው ሆኖ፣ ለክትፎው ኮባ የሚቆርጠው ሁሉ እንሰት ውስጥ እየተርመሰመሰ! እንኳን ሕፃን፣ ማንኪያ ጥላ የምታመልጥ ሴት የለችም። 'አንቺ፣ ይሄን ረስተሻል' ብለው ሮጠው ያስታቅፏታል።"

ጋሽ ደበሌ አሰቡ፣ አሰቡና ሕፃኑን ወደ ኅዳር አዛወሩት።

ሃያኛው ታሪክ ላይ ግን ትዕግሥቷ አለቀ። እናትየዋ እንደ ልማዷ ስትመለስ፣ ዓለምዘውድ መተየቧን አቆመች።

"ጥለው የሄዱ እናቶች አይመለሱም፣ ጋሼ! እኔን አገና ገበያ ዳር፣ ማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው ያገኙኝ። ሐር የለ፣ መስቀል የለ። ቅቤ ነጋዴዋ እማማ አዛለች ናቸው አንስተው ያሳደጉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ብያለሁ። ማንም አልመጣም። እርስዎ ግን በየሐሙሱ እናት ያመጡብኛል!"

ስለ አንዲት በቅሎ ሁለት ሰዓት መናገር የሚችሉት ሰው ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ። ሁለት ሐሙስ ሳይመጡ ቀሩ። ዓለምዘውድም ተናደደች፤ በራሷም፣ በእሳቸውም። ያን ንትርክ እንዲህ እናፍቃለሁ ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

በሦስተኛው ሐሙስ መጡና አራት ገጽ አስቀመጡላት። ደጃዝማች የለበትም። ሕፃኗ ጆንያ ላይ ናት፤ ታለቅሳለች፣ ጆንያውንም አርጥባዋለች። አንዲት ቅቤ ነጋዴ ታነሳታለች። እናትየዋ አትመለስም። ጋሽ ደበሌ በዕድሜያቸው የጻፉት የመጀመሪያው ጥሩ ታሪክ ነበር።

ዓለምዘውድ እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ተየበችው። ከዚያ ጣቷ እምቢ አላትና አንድ አንቀጽ ጨመረች፤ ከዓመታት በኋላ አንዲት ሴት ገበያ መጥታ ቅቤ ነጋዴዋን "ልጅቷ ደህና ናት?" ብላ ትጠይቃለች።

ጋሽ ደበሌ የታተመውን አነበቡ።

"ይቺን እኔ አልጻፍኳትም።"

"የእጅ ጽሕፈትዎ አይነበብም" አለች፣ ፊቷን ወደ ማተሚያው አዙራ። "እንደዚህ የሚል መስሎኝ ነው።"

ጋሽ ደበሌ አንቀጿን ደግመው አነበቧት።

"አዎ" አሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። "እንደዚህ ነው የሚለው።"

የዚያን ዕለት ሱቁ ውስጥ ያለቀሱት እሳቸው ብቻ አልነበሩም።