የጽዋው ሕግ አዋቂ

ማኅበር በተባለ ነገር ሁሉ ውስጥ አንድ ሕግ አዋቂ አይጠፋም። ሦስት ሰዎች ከዝናብ ሸሽተው አንድ በረንዳ ሥር ቢቆሙ እንኳ፣ ከሦስቱ አንዱ ዝም ብሎ አይጠለልም፤ ማን በየት በኩል መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። የእኛው ክቡር ሆራስ ቴምፐርሊ ይባላሉ።

እኛ ማለት የለንደን ሻማ ማጥፊያ ሠሪዎች ጥንታዊ ማኅበር ነን። ከሁለት መቶ አባላታችን መካከል ሻማ ማጥፊያ ሠርቶ የሚያውቅ አንድም የለም። እኔ፣ ብሬይ፣ የመድን ድርጅት ሠራተኛ ነኝ፤ የዘንድሮው አለቃችን የቢሮ ምንጣፍ ይሸጣል። ቢሆንም በዓመት አራት ጊዜ፣ ጠርዙ ጠጉር የሆነ ካባ ደርበን፣ በትር ያዡ ወለሉን ሦስት ጊዜ ሲመታ በማዕረግ ተሰልፈን እንገባና የበሬ ጥብስ እንበላለን። ይህን ሁሉ ከልቡ የሚያምን አንድ ሰው ብቻ ነው ያለን። የቴምፐርሊ ዕድሜ ሰማንያ ስድስት ነው፤ ውሃ ዳር የቆመ ሽመላ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ፣ ሽመላ የሚለቅመው ዓሣ ሲሆን እሳቸው የሚለቅሙት ጥፋት ነው።

ማንኪያዎን ያነሣሉ፤ ከጎንዎ ቀስ ያለ ድምፅ ይመጣል። «እንዲህ አልነበረም፣ ወዳጄ።» ወይኑን ለቀኝ ጎረቤትዎ ያቀብላሉ። «እንዲህ አልነበረም።» አንድ ጊዜ አለቃው ራሱ ንግግሩን ጨርሶ ሲቀመጥ፣ ጭብጨባው ሳይበርድ ተነሥተው፣ አለቃ የሚቀመጠው በትሩ ከተመታ በኋላ እንደሆነ ነገሩትና እንደገና አስነሥተው አስቀመጡት።

የእሳቱን ቀን የረሳ የለም። የአደጋው ደወል ሲጮኽ ሰማንያ ሰው ወደ በሩ ተንጋጋ፤ ቴምፐርሊ ደፉ ላይ ቆመው ጠበቁን። ከአለቃው ቀድሞ የሚወጣ የለም! አለቃው ደግሞ በዚያ ዓመት እግሩን ሪህ የያዘው ሰው ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱ፣ በጢስ መሐል በአባልነት ዘመናችን ተሰልፈን እየሳልን አገኙን። ያረረው ጥብሱ ብቻ ነበር። «የሚመራችሁ ማነው?» ቢል አንዱ፣ ቴምፐርሊ ስለ ሥልጣን አወራረድ አሥር ደቂቃ አስረዱት።

ከሕጎቹ ሁሉ ጥብቁ ግን የጽዋው ነው። ከራት በኋላ፣ ባለ ሁለት እጀታው የብር ጽዋ ከሰው ወደ ሰው ይዞራል። ተረኛው ተነሥቶ ፊቱን ወደ ቀጣዩ ጎረቤቱ ያዞራል፤ ጎረቤቱ በቀኝ እጁ ክዳኑን ያነሣለታል፤ ቀድሞት የጠጣው ደግሞ ጀርባውን ለጀርባው ሰጥቶ ይጠብቀዋል። ድሮ አንድ ንጉሥ እየጠጣ ሳለ ከኋላው በጩቤ ተወግቷል ይባላል። ምንጣፍ ሻጭ ለመውጋት ጩቤ የሚስል ሰው እስካሁን አልታየም፤ ሆኖም ጀርባው ሳይጠበቅ የሚጠጣ የለም። ጽዋው ሳይጠጣ ያለፈው አባል ደግሞ፣ በቴምፐርሊ አተረጓጎም፣ እስከ ዓመቱ ግብዣ ድረስ ከወንድማማችነቱ ውጭ ነው።

የጥርስ ሐኪሙ ናምብያር ይህችን ቀምሷታል። ታካሚ ደውሎለት ለሁለት ደቂቃ ወጣ ሲል ጽዋው አለፈው።

«የሰውየው መንጋጋ አብጦ ነበር እኮ፣ ጌታዬ» አላቸው።

«አዝናለሁ» አሉ ቴምፐርሊ። «መንጋጋው ግን አባላችን አይደለም።»

ናምብያር ዓመቱን ሙሉ ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ብቻውን በላ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ይህ ሕግ አንድ ቀን ባለቤቱን እንዲይዝልኝ ስመኝ ኖርኩ።

ባለፈው ጥር ኔቪል ክሩክ ሞቱ። ጸጥተኛ ሰው ነበሩ፤ በቴምፐርሊና በእኔ መሐል ይቀመጡ ነበር። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጽዋው በመጣ ቁጥር፣ የቴምፐርሊን ጀርባ የጠበቁት እሳቸው ናቸው። ቴምፐርሊ በቀብሩ ላይ አላለቀሱም። ወደ ምድር ቤቱ ወርደው፣ ሻጋታ ከበላው መዝገብ ውስጥ አንድ የተረሳ ሥርዓት ይዘው ወጡ። አርባ ዓመት ያገለገለ አባል ሲሞት ካባው በወንበሩ ላይ ይደረባል፤ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ በቦታው አይቀመጡበትም፣ አይቆሙበትም።

ጸሐፊያችን ሞይራ ጊልክሪስት የመቀመጫውን ዝርዝር ይዛ መጣች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እሺ፣ ሚስተር ቴምፐርሊ፣ ወንበሩ ባዶ ይሁን። ጽዋው ሲደርስ ታዲያ ጀርባዎን ማን ይጠብቃል?»

«መዝገቡ ስለዚያ አይናገርም።»

«እንግዲያው ሌላ ቦታ ላስቀምጥዎት።»

«የእኔ ቦታ ያ ነው፣ ወይዘሮ ጊልክሪስት።»

«ሳይጠጡ ሊያልፍዎት ነው እኮ! በራስዎ ሕግ አንድ ዓመት ከማኅበሩ ውጭ ሊሆኑ ነው።»

«በእኔ ዕድሜ አንድ ዓመት ብዙ ነው። አውቃለሁ» አሉና ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ትርዒቱን ከሁሉም በላይ አቅርቦ የሚያሳየው ወንበር ደግሞ የእኔ ነበር።

በሚያዝያው ግብዣ የኔቪል ካባ በእኔና በቴምፐርሊ መሐል ባለው ወንበር ላይ ተደርቦ አመሸ። ከካባው ማዶ እሳቸው፣ ከእሳቸው ቀጥሎ፣ ቅጣቱን የጨረሰው ናምብያር። ጽዋው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ደረሰ። ጠጣሁ፤ ጠርዙን በጨርቅ ጠርጌ፣ በባዶው ወንበር ላይ ተንጠራርቼ አቀበልኳቸው። ተቀበሉኝ። እንደ ሥርዓቱ ወደ ናምብያር ዞሩ። ናምብያር ክዳኑን ያዘ፤ አላነሣውም።

«ጀርባዎ ክፍት ነው፣ ጌታዬ» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ ይልቁንም አዝኖላቸው ነበር።

«አውቃለሁ። ወስደህ አሳልፈው።»

ስጠብቀው የኖርኩት ጊዜ ይኸው ነበር፤ ያለ ችግር ተቀምጬ ላየው እችል ነበር። ሰውየው ግን ጽዋውን ለናምብያር ከመዘርጋታቸው በፊት፣ ልማድ ሆኖባቸው፣ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል አሉ። አርባ አንድ ዓመት የሚደገፉት ጀርባ እዚያ ነበራ። የሚደገፉት አጡና ተንገዳገዱ።

እግሬ እንዴት እንደተነሣ አላውቅም። ወንበሩን ከነካባው ወደ ኋላ ገፋሁና፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ከኋላቸው ቆምኩ።

«ብሬይ» አሉ ሳይዞሩ፤ «የቆምክበት ቦታ የኔቪል ነው።»

«አዎ።»

«አይቆሙበትም። መዝገቡ በግልጽ…»

«እንግዲያው ለዓመቱ እኔን ያስወጡኝ። ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ጥብሱ ትኩስ ነው ይላሉ።»

«በጣም ትኩስ ነው» አለ ናምብያር፤ ክዳኑንም አነሣው።

አልጠጡም። በካባዬ በኩል ትከሻቸው ይሰማኛል፤ ቀጭን ነው፤ አንድ ነገር የሚለካ ይመስል ከፍ ዝቅ እያለ ጀርባዬን ይዳስሳል። አለቃው በትር ያዡን አየ፤ በትር ያዡ ጣሪያውን አየ።

«ኔቪል ከአንተ ይረዝም ነበር» አሉኝ በመጨረሻ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ።

«ይቅርታ፣ ጌታዬ» አልኩና በእግሬ ጣቶች ተንጠራርቼ ቆምኩ።

ያን ጊዜ ክብደታቸውን ሁሉ ጀርባዬ ላይ ጥለው ጠጡ።