ማሽኑን አትጫነው

እንጨት ማለስለስ ቀላል ነው የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ወይ እንጨት ነክቶ አያውቅም፣ ወይ ማሽን ሊሸጥላችሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን ሶስና የቤት ወረፋዋ ደረሰና እኛ ካለንበት ከስፖንጋ ወጥታ፣ ፋርስታ የሚባል ሌላ ሰፈር ለብቻዋ ልትኖር ተነሳች። ሴት ልጅ ሳታገባ ከቤት አትወጣም ብዬ ነዘነዝኳት። እሷ በስዊድንኛ ትመልሳለች፣ እኔ በአማርኛ እቀጥላለሁ። ሄደች። ከቤቱ ዕቃ የጠየቀችኝ አንድ ብቻ ነው፤ የቤት ሥራዋን እየሠራች ያደገችበትን የምግብ ጠረጴዛ። እንደ አዲስ አድርጌ ልሰጣት ቆረጥኩ።

ማለስለሻ ማሽኑን ያከራየኝ ሰውዬ፣ አትጫነው፣ የራሱ ክብደት ይበቃዋል፣ ቀስ አድርገህ ምራው አለኝ። ከሻካራው የብርጭቆ ወረቀት ወደ ደቃቁ ስታልፍም አቧራውን ጥረግ አለ። አንገቴን ነቀነቅኩለት። ግን እኛ ዘንድ ላብ ያልወጣበት ሥራ መቼ ሥራ ተባለ? ጠረጴዛውን በረንዳ ላይ አውጥቼ ማሽኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ተጫንኩት። አቧራውንስ ማን ያስታውሰዋል?

ስዳስሰው ቅቤ ነው። ሳሎን አስገብቼ የእንጨት ዘይት ስቀባው ግን ጉድ ፈላ። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን በጎን ሲያርፍበት፣ ከዳር እስከ ዳር ትንንሽ ክብ ክብ ጭረት። ዶሮ ስትጭርበት የዋለች ይመስላል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይሉ የለ?

ባለቤቴ አልማዝ አየችውና፣ "ሰውየው አትጫነው ብሎህ ነበር። እኔም ልጅቷን አትጫናት ብዬህ ነበር" አለችኝ።

እንደገና ጀመርኩ። አሁን እጄን ጣል አድርጌ ማሽኑን ተከተልኩት፤ አቧራውንም በየመሃሉ በጨርቅ ጠረግኩ። አብዛኛው ጭረት ጠፋ። አንዱ ጥግ ላይ ያለው ግን ጠልቆ ኖሮ እምቢ አለኝ።

ጠረጴዛውን ፋርስታ አድርሰን እንዳቆምነው፣ ሳትቀድመኝ ጥጉን አሳየኋት። እሑድ መጥቼ አስተካክለዋለሁ አልኳት። ጭረቱን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ስዊድንኛዋን ትታ፣

"አባዬ፣ ተወው። እሑድ ግን ና፣ እራት እሠራለሁ" አለችኝ።

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ዓይኔን ጠርጌ ስመለስ አልማዝ ከቦርሳዋ ዳንቴል አውጥታ ጠረጴዛውን ሙሉ አልብሳዋለች። በዳንቴሉ ላይ ደግሞ ላስቲክ ታነጥፋለች። ያ ሁሉ ልፋቴ ከሥር ቀረ።

ምን እያደረግሽ ነው አልኳት።

"እንዳይጫጫር ነዋ" አለችኝ።