ሆን ተብሎ የተወረወረ ኳስ ሦስት ምልክቶች

[የእሁድ ከሰዓቱ የቤዝቦል ጨዋታ ገና ማለቁ ነው። አሜሪካ አዮዋ ውስጥ፣ የበቆሎ ማሳ ዳር ባለች ትንሽ ስታዲየም፣ ከተመልካቹ መቀመጫ ሥር ያለችው የዳኞች ክፍል። ዋና ዳኛው ኦርቪል ሸሚዙን አውልቆ በረዶ የተጠቀለለበት ፎጣ ይዟል። አንገቱ ሥር፣ አጥንቱ ላይ፣ የኳሱ ስፌት ቀይ ሆኖ ታትሟል። እያንዳንዱ ክር ተለይቶ ይታያል፤ አንድ ባለሙያ ጥልፍ ጠላፊ ቆዳው ላይ ተቀምጣ የሠራችው ይመስላል። ረዳት ዳኛው ዌንደል አጎንብሶ ክሮቹን ይቆጥራል።]

ኦርቪል፦ ሰባት ነው።

ዌንደል፦ ስምንት ነው፣ አለቃ።

ኦርቪል፦ ቆዳው የኔ ነው። የማውቀው እኔ ነኝ።

ዌንደል፦ ላንተ እኮ አይታይህም። አገጭህ ይከልልሃል።

ኦርቪል፦ አስራ አንድ ዓመት ከመቺና ከቀላቢ ጀርባ ቆሜያለሁ። የመታኝን ኳስ ስፌት ሳላይ እቆጥራለሁ። ሰባት።

ዌንደል፦ እሺ፣ ሰባት። [እንደገና ይቆጥራል።] ስምንተኛው ታዲያ የማን ነው?

ኦርቪል፦ ተወው። ብዕር አንሳ። ሚስተር ሃልቮርሰን ሪፖርቴን ሳያነቡ አይሄዱም። የዳኞች ኃላፊው ይሄን ሁሉ መንገድ ነድተው ለምን የመጡ ይመስልሃል?

ዌንደል፦ ጨዋታ ሊያዩ።

ኦርቪል፦ እኔን ሊያዩ ነው የመጡት። ላይኛው ሊግ አንድ ዳኛ ጎድሎበታል፤ ከዚህ የሚወስዱት ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው። አስራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ይሄን ቀን ነው። ስለዚህ ጽሕፈትህን አሳምረው።

ዌንደል፦ ምን ብዬ ልጻፍ?

ኦርቪል፦ «በስድስተኛው ዙር የእንግዳው ቡድን ወርዋሪ ኒስበት፣ ብድር ለመመለስ፣ የባለሜዳውን መቺ ሆን ብሎ ጀርባውን በኳስ መታ። ዋና ዳኛውም እዚያው አባረረው።»

ዌንደል፦ ሆን ብሎ?

ኦርቪል፦ ትናንት ባለሜዳዎቹ የእነሱን ሰው ጎኑን አልመቱትም? ቤዝቦል ውስጥ የትናንት ምት ዛሬ ይመለሳል። ሌላው ኳስ ይመለከታል፣ ዳኛ ልብ ይመለከታል። ስንቴ ላስተምርህ? ሦስቱን ምልክቶች በል እስቲ።

ዌንደል፦ አንደኛ፣ የከረመ ቂም።

ኦርቪል፦ ቀጥል።

ዌንደል፦ ሁለተኛ፣ ከውርወራው በፊት መተያየት።

ኦርቪል፦ ሦስተኛውስ?

ዌንደል፦ ማንም አይገረምም።

ኦርቪል፦ ዋናው እሱ ነው። ኳስ ከእጅ ሲያመልጥ ወርዋሪው ራሱ ክው ይላል። ሆን ተብሎ ከሆነ ግን ቡድኑ በሙሉ ስብከት የሚሰማ ይመስላል። ፊቱ ንቅንቅ አይልም።

ዌንደል፦ ኒስበት ግን ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት።

ኦርቪል፦ ትወና ነው።

ዌንደል፦ አለቀሰ።

ኦርቪል፦ ጥሩ ትወና ነው።

ዌንደል፦ የተመታው ሰውዬ ራሱ ሄዶ «አይዞህ» አለው።

ኦርቪል፦ የዋህ ነው፣ ምን ያድርግ። አንተም እንደሱ ነህ። ጻፍ።

ዌንደል፦ [ሳይጽፍ] ሚስተር ሃልቮርሰን ለኔም ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። «ዛሬ ሆን ተብሎ የተመታ ሰው አይተሃል ወይ?» ይላል። ሞልቼ መልሼላቸዋለሁ።

ኦርቪል፦ [በረዶውን ያወርዳል።] ምን ብለህ?

ዌንደል፦ «አዎ፣ አይቻለሁ» ብዬ።

ኦርቪል፦ [ፊቱ ይፈካል።] በል ተባረክ። ቂሙን ጠቀስክ?

ዌንደል፦ «የትናንት ቂም ነው» ብያለሁ።

ኦርቪል፦ መተያየቱንስ?

ዌንደል፦ «ወርዋሪውና ቀላቢው ተያይተው አንገታቸውን ነቀነቁ» ብያለሁ።

ኦርቪል፦ እሱን እንኳ እኔም አላየሁትም። ሦስተኛውስ?

ዌንደል፦ «ከአንድ ሰው በቀር ሜዳው ላይ የተገረመ አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ።

ኦርቪል፦ አንዱ ማነው?

ዌንደል፦ አንተ።

ኦርቪል፦ እኔ ስድስተኛው ዙር ላይ አልተገረምኩም። እየጠበቅኩት ነበር።

ዌንደል፦ እኔ የጻፍኩት ስለ ሁለተኛው ዙር ነው።

ኦርቪል፦ ሁለተኛው ዙር ላይ መቺ አልተመታም እኮ።

ዌንደል፦ መቺስ አልተመታም።

[ከፎጣው ውኃ ጠብ ይላል። ኦርቪል ጠብታዋን እስክትደርቅ ድረስ ሊያያት የቆረጠ ይመስላል።]

ኦርቪል፦ እኔን የመታኝ ኳስ የባለሜዳውን ቀላቢ ፕሩትን አምልጦት ነው። ቀላቢም ሰው ነው፣ ያመልጠዋል።

ዌንደል፦ ኳሱ ወደ ላይ ሲመጣ ፕሩት ወደ ታች ሄደ፣ አለቃ።

ኦርቪል፦ አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ልምድ የሚያስፈልግህ። እኔ ተንበርክኬ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ፕሩት ምን አደረገ? ፋታ እንዳገኝ ብሎ ቀስ እያለ ወደ ወርዋሪው ሄደ። ለተመታ ዳኛ የሚደረግ የድሮ ጨዋነት ነው። ሲመለስ አመሰገንኩት።

ዌንደል፦ አይቻለሁ። እዚያ ደርሶ የወርዋሪውን እጅ ጨበጠ።

ኦርቪል፦ እጁን?

ዌንደል፦ እኔ ከወርዋሪው ጀርባ ነበርኩ። ኳሱ ሳይወረወር አንዱ ተጫዋች «ዳኛ፣ ትንሽ ወደዚህ ጠጋ ቢሉ ጥሩ አድርጎ ይታይዎታል» አለኝ። ተጠጋሁ። ጥሩ አድርጎ ታየኝ።

ኦርቪል፦ ምን በደልኳቸው?

ዌንደል፦ ትናንት በመጨረሻው ዙር፣ ፕሩት መቺ ሆኖ ሲቆም፣ መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ «ልክ ነው» ብለህ ሳይመታ አስወጣኸው። በዚያው ተሸነፉ።

ኦርቪል፦ ኳሱ እስከ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ነበር።

ዌንደል፦ ሣር ይዞ ነበር፣ አለቃ።

[ኦርቪል እርጥቡን ፎጣ ያጣጥፋል።]

ዌንደል፦ ዛሬ ጠዋት ደግሞ ፕሩት መጥቶ «የአለቃህ የደረት መከላከያ እስከ የት ይደርሳል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ኦርቪል፦ አንተስ?

ዌንደል፦ «አሮጌውን ስለሚወድ ከአንገቱ ሥር ባዶ ነው» አልኩት። አስቦልህ መስሎኝ።

ኦርቪል፦ ዳኛን ሆን ብሎ ያስመታ እዚያው ነው የሚባረረው። ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?

ዌንደል፦ ሮጬ መጣሁ። «ቆይ፣ ፕሩትን እያመሰገንኩ ነው» አልከኝ።

ኦርቪል፦ ኒስበትስ ታዲያ?

ዌንደል፦ ላብ ነው፤ ኳሱ ከእጁ አመለጠው። ሁለቴ ደረቅ ኳስ ጠይቆህ ከለከልከው። አሁን አምስት ጨዋታ ይታገዳል፤ ቡድኑ ደግሞ እስከዚያ የሚያቆየው አይመስለኝም።

[ኦርቪል ብዕሩን ከዌንደል እጅ ይወስዳል። አንድ መስመር ይጽፋል፦ «ኒስበትን ያባረርኩት በስህተት ነው።» ፊርማው ሁልጊዜ ሰፊ ነበር፤ ዛሬ ጠቧል። እንዲህ ሲጽፍ ይቀለኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር፤ ቀለለው፣ ራሱንም ደነቀው።]

ኦርቪል፦ ሚስተር ሃልቮርሰን ያንተን አንብበው ምን አሉ?

ዌንደል፦ ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ «ይሄን መለየት ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

ኦርቪል፦ አንተስ?

ዌንደል፦ እውነቱን ነዋ። «ኦርቪል ነው፤ ከግንቦት ጀምሮ ያላስተማረኝ ቀን የለም» አልኳቸው።

ኦርቪል፦ [ቀና ይላል።] እሳቸውስ?

ዌንደል፦ በጣም ደስ አላቸው። «በሦስት ወር ሰውን እንዲህ የሚያበቃ አስተማሪ ከዚህ ሊግ መነቃነቅ የለበትም» አሉ።

ኦርቪል፦ ላይኛው ሊግስ?

ዌንደል፦ [ሻንጣውን ያነሳል።] ወደዚያ የሚወስደኝ አውቶቡስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይነሳል። ለሁሉም ነገር አመሰግናለሁ፣ አለቃ።

[ዌንደል ይወጣል። ኦርቪል ሸሚዙን እንኳ ሳይለብስ በሩ ላይ ይቆማል። ዌንደል በአጥሩ ጥግ፣ ቢጫ ብርሃን ባረፈበት በቆሎ ዳር ዳር፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። ከመኪና ማቆሚያው አንድ ሰው ሮጦ ደርሶ ሻንጣውን ይቀበለዋል። ፕሩት ነው፤ ዌንደል አይገረምም። ሁለቱ እየተጨዋወቱ ይርቃሉ።]